እቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ

ታሪኩ ከበሽታ ይጀምራል። በ1963 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ ገና ያልቀላውን እሸት እያጠቆረ ከቅርንጫፉ ያረግፍ ጀመር። የሀገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጭ ስለተነካ መንግሥትም ለጋሾችም ደነገጡ። ጂማ አጠገብ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን እየፈለገ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጣቸው። እስከ ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110፣ 74112፣ 74140 እና 74165 የዚያ ፍለጋ ፍሬዎች ናቸው፤ ፊት ያሉት ሁለት አሃዞች ዛፉ የተመረጠበትን የፈረንጅ ዓመት፣ 1974ን፣ ያመለክታሉ። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ብዙ ዓመት ቆይተው ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው ጉድ ይሠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1977 በአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ገንዘብ የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት ተጀመረ። ችግኝ ማፍላት፣ ያረጀ ቡና መጎንደል፣ ማጠቢያ ጣቢያ መትከል ሥራው ነበር፤ በተከታታይ ምዕራፎችም ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ የመጣው ነገር ግን ችግኝ ብቻ አልነበረም። ገንዘቡን የሰጠው አካል ብሩ የት እንደደረሰ በእንግሊዝኛ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ መንግሥት ደግሞ እቅዱ ምን ያህል እንደተፈጸመ በአማርኛ ይጠይቃል። አንድ የችግኝ ጣቢያ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ሪፖርት። በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ይህ ድርብነት ያን ጊዜ ገባ፤ እስካሁንም አልወጣም።

የአማርኛውን ሪፖርት ቅርጽ የወሰነው ማዕከላዊው ፕላን ይመስለኛል። በ1971 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ አብዮታዊ የምርት ዘመቻና ማዕከላዊ ፕላን ጠቅላይ መምሪያ፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የታወጀው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ኮታና ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ቁጥር ይሻ ነበር። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ መለኪያ፣ እቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ። እነዚህ ስድስት ዓምዶች መንግሥት ሲለወጥ አልተለወጡም፤ ወረቀቱ ሲለወጥም አልተለወጡም። ከሥራቸው የሚከተለው ጽሑፍም እንዲሁ ነው፦ “ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች”። ችግሮቹ የተሽከርካሪ እጥረትና የበጀት መዘግየት፣ መፍትሔው “ባለው ለመሥራት ተሞክሯል”። የደቡብ ምዕራብ መሥሪያ ቤት ያየ ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳያነብ ያውቀዋል።

ያኔ ሚዛን ተፈሪ በከፋ ክፍለ ሀገር የጊሚራ አውራጃ ናት፤ ሪፖርቷም ወደ ጂማ ይጓዛል። ማሻ ደግሞ በኢሉባቦር ሥር የሞቻ አውራጃ ስለሆነች የሷ ወረቀት በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዝናቡ በዚህ አገር ለመንገድ ሦስትና አራት ወር ብቻ ነው ምሕረት የሚያደርገው፤ የክረምቱ ሪፖርት መኪና እስኪያልፍ ጠብቆ ቢደርስ የሚገርመው አልነበረም። ሪፖርቱ የሚጻፈው በመኪና ነው፤ ጽሕፈት መኪና ማለቴ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ፊደሉን ሙሉ በሙሉ መሸከም ስለማይችል መሠረቱን አስቀድሞ መትቶ ቀለሙን፣ ማለትም እግሩንና ቀለበቱን፣ ለብቻ ይቀጥልበታል። ሰፊ ሠንጠረዥ ሲመጣ ጸሐፊዋ ቁጥሮቹን ትመታና መስመሩን በእስክሪብቶና በማስመሪያ ታሰምርበታለች። ከሥሩ ሦስት ካርቦን፤ ብዙ ቅጂ ካስፈለገ ስቴንስልና ማባዣ። አንድ ቀበሌ ማኅበር ቁጥሩን አርሜያለሁ ብሎ ከመጣ ድምሩ ይለወጣል፣ መቶኛው ይለወጣል፣ የአውራጃው ጠቅላላ ድምር ይለወጣል፤ ገጹ እንደገና ይመታል። ስለዚህ የዘገየ እርማት ብዙ ጊዜ አይገባም ነበር። በድሮ መዝገቦች ላይ የሚታየው የቁጥር መረጋጋት ከእውነት ይልቅ ከጸሐፊዋ ድካም የመጣ ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ጸሐፊ ማሰብ አለበት።

በበበቃና በቴፒ የመንግሥት የቡና እርሻዎች የወረቀቱ ሥራ ከዚህም ይበዛል። በለቀማ ወቅት የእያንዳንዱ ለቃሚ ቀይ እሸት በየቀኑ ይመዘናል፤ ኪሎው ወደ ክፍያ ይለወጣል፤ ካቦው የያዘው ወደ ክፍሉ፣ የክፍሉ ወደ እርሻው፣ የእርሻው ወደ አዲስ አበባ ይደመራል። መደመሪያው ሰው ነበር።

ልክ በዚያ ዘመን፣ ባሕር ማዶ፣ ይኸው ችግር አንድ ተማሪ አስቸግሮት ነበር። ዳን ብሪክሊን ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጦ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ባጠፉ ቁጥር የተከተሉትን ሁሉ እያጠፉ እንደገና ሲያሰሉ ያያል። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክን አወጣ፦ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ሌላው በራሱ የሚለወጥበት ሠንጠረዥ። ሎተስ 1-2-3 በ1983፣ ኤክሴል በ1985 ተከተሉ። በመካከሉ፣ በ1984፣ ለፕሮጀክት አስተዳደር ብቻ ተብሎ የተሠራው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ወጣ። ሁለቱ ሶፍትዌሮች ጎን ለጎን ተወለዱ፤ አንዱ ለፕሮጀክት፣ ሌላው ለማንኛውም ነገር። ሚዛን የደረሰውና የቀረው ሁለተኛው ነው። የዚህ ትረካ ቀሪው ክፍል ያ ለምን ሆነ የሚለው ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አውራጃው ቀርቶ ዞንና ወረዳ መጣ። ሚዛን ተፈሪ የቤንች ማጂ ዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ ቴፒ ያለችበት የኪ ወረዳም በመጀመሪያ ከፊቾ ሸኪቾ በተባለው፣ ኋላ ለሁለት ተከፍሎ ካፋና ሸካ በሆነው ዞን ውስጥ ገባች። ለሪፖርት ሠራተኛ የድንበር ለውጥ የፖለቲካ ዜና ብቻ አይደለም። ያለፈው ዓመት ከዚህ ዓመት ጋር የሚወዳደርበት ገጽ በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ የተከፈለው ወረዳ የድሮ ቁጥር የየትኛው ግማሽ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ኮምፒውተር ወደ ዞን መሥሪያ ቤቶች የገባው መጀመሪያ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለሙያው በእጁ ይጽፋል፣ እሷ “ኮምፒውተር ትጽፋለች”። የተሻለ ጽሕፈት መኪና ተደርጎ ስለተወሰደ ለዓመታት ያገለገለው እንደ ጽሕፈት መኪና ብቻ ነበር፤ ሠንጠረዡ ወርድ ላይ ይሠራል፣ ድምሩ በካልኩሌተር ይሰላና ይጻፋል። አማርኛውን ብራና፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የተባሉ ሶፍትዌሮች እየተተካኩ አመጡት። እነዚህን የሠሩ ሰዎች ማይክሮሶፍት ስለ ፊደላችን ከማሰቡ በፊት የሠሩ ናቸውና ምስጋናቸው ትልቅ ነው፤ ግን በዘዴያቸው ውስጥ አንድ ወጥመድ ነበረ። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል እንደያዘ ያምናል፤ ቅርጹ ብቻ ነው የግዕዝ። ከሚዛን በዲስኬት የተላከ ሪፖርት ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ቀበሌዎችን በፊደል ተራ ደርድር ቢሉት በላቲኑ ተራ ይደረድራቸዋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የሚባለውን ቅርጸ ፊደል ይዞ መጣ። በየወረዳው ግን ፓወር ግዕዝ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቆየ፣ ምክንያቱም የጸሐፊዋ ጣት ለምዶታል።

በ1994 ዓ.ም. አራት ትልልቅ ክልሎች፣ ደቡብም ጭምር፣ በጀትን እስከ ወረዳ አወረዱ። ከዚያ ቀደም ዞን ላይ የሚያልቀው ሒሳብ አሁን እንደ የኪ፣ ሸኮና ጉራፈርዳ ባሉ ወረዳዎች ላይ መሠራት አለበት ማለት ነው፤ በባለሙያም በመብራትም እጥረት ውስጥ። የፌዴራሉ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ አካል የሆነው፣ በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ገንዘብና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተመራው የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት የደቡብ ክልልን ከቀዳሚ መሞከሪያዎቹ አንዱ አደረገው። የዚህ ፕሮጀክት አካሄድ ትኩረት ይገባዋል። መሪው ስቲቨን ፒተርሰን በኋላ በጻፋቸው ጽሑፎች እንደሚሟገተው፣ ያለውን አሠራር አፍርሶ በአዲስ ኮምፒውተር ከመተካት ይልቅ አስቀድሞ ያለውን የወረቀት አሠራር ማሻሻል ይሻላል፤ ሶፍትዌሩ ከሠራተኛው ኋላ ይከተል። ሒሳብ ሠራተኞች በድርብ አመዘጋገብ በገፍ ሰለጠኑ፣ የበጀትና ወጪ መመዝገቢያ የሆነው አይቤክስ የተባለው ሶፍትዌርም ቀስ በቀስ ወረደ። በእኔ ግምት በሀገሪቱ ከተሞከሩት የቢሮ ለውጦች ሁሉ አስተዋዩ ይህ ነበር።

ግን አይቤክስ የሚያውቀው ብር ነው። ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንት ሄክታር ተጎነደለ፣ ስንት ምንጭ ጎለበተ የሚለውን አያውቅም። “ፊዚካል” የሚባለው ሪፖርት ከ“ፋይናንሺያል”ው ተለይቶ ቤት አልባ ቀረ፤ ያንን ባዶ ቦታ ኤክሴል ያዘው። ማንም አላዘዘም፣ ማንም መመሪያ አልጻፈም። ወረዳኔት በሳተላይት ወረዳዎችን ሲያገናኝ፣ ሚዛን የግብርና ኮሌጅ የልማት ሠራተኞችን ሲያስመርቅ፣ በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ሁለት ግቢ ይዞ ሲከፈት፣ ኤክሴል የሚያውቅ ወጣት ቁጥር እያደገ ሄደ። ጸሐፊዋ የያዘችው ኮምፒውተር ወደ ባለሙያው ጠረጴዛ ተሻገረ።

የለጋሽ ፕሮጀክቶችም በዚያው ሰሞን በዙ። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዙ ሁደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮ ዌትላንድስ ማኅበርና ከሌላ አጋር ጋር በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የጀመረው ከእንጨት ውጭ ያሉ የደን ውጤቶች ፕሮጀክት ማር፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝና የጫካ ቡናን ተከትሎ ወደ አሳታፊ የደን አስተዳደር አደገ። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሎግ ፍሬም ይዞ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በሊዮን ሮዘንበርግ የተነደፈ፣ ግብን፣ ውጤትን፣ መለኪያንና ታሳቢን በአንድ ገጽ የሚያሰልፍ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዥ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስለዚህ እሱም ኤክሴል ወይም ወርድ ላይ አረፈ። የሥራ መርሐ ግብሩም ሄንሪ ጋንት ከመቶ ዓመት በፊት ያስለመደው አግዳሚ ዘንግ ነው፤ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የተሠራው ዋናው ለእሱ ነበር። የሚዛን ባለሙያ ግን አሥራ ሁለት ወሮችን በራስጌ ጽፎ ሴሎቹን አረንጓዴ ይቀባል። ያው ዘንግ ነው፣ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም፣ የቀጣዩ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተርም ይከፍተዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጊዜ ነበር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዓመት በፈረንጅ ጥቅምት መባቻ ይገባ ነበር፣ የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክት ዓመት ደግሞ ውሉ በተፈረመበት ወር። ቡና የሚተከለው በክረምት ነው፤ ሰኔ የተተከለ ችግኝ የአሮጌው በጀት ዓመት መዝጊያ፣ ሐምሌ የተተከለው የአዲሱ መክፈቻ ይሆናል። ነሐሴ ላይ የተተከለ ችግኝ ለወረዳው የአንደኛ ሩብ ዓመት፣ ለአሜሪካው ለጋሽ የአራተኛ ሩብ ዓመት ክንውን ነበር። አንድ ዘመቻ በሦስት ዓመታት ውስጥ ሊቆጠር ይችላል፣ ማንም ሳይዋሽ።

ኤክሴል ደግሞ የታይላንድንም የሂጅራንም አቆጣጠር እያወቀ የእኛን አያውቅም። ይህን ያህል ዝም ብሎ የሚሳሳት መሣሪያ አላውቅም። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ከተተወ ኅዳር 12 ቀን ለማለት 12/3/2000 ብለው ሲጽፉ ዲሴምበር 3 ብሎ ይይዛል። ኅዳር 13 ሲመጣ ግን 13ኛ ወር የለም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጥለዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፣ በተራ ደርድር ሲባልም ይበታተናል። ጳጉሜን 5ን፣ 5/13 ብለው የጻፉትን፣ ሜይ 13 አድርጎ ይቀበለዋል። ቀን አስቀድሞ እንዲያነብ ቢስተካከል እንኳ ጥቅምት 30ን አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 መስሎታል። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 የቆየ ውል በእኛ 180 ቀን ነው፤ ኤክሴል እንደ ሜይ 1 እና ኦክቶበር 30 ቆጥሮ 183 ያደርገዋል። የጉልበት ሠራተኛ ውል ወይም የተቋራጭ መዘግየት ቅጣት በዚህ ሲሰላ ሦስት ቀን ቀላል አይደለም።

የሚገርመው ለሠንጠረዥ ከሁለቱ አቆጣጠሮች የሚቀለው የእኛው መሆኑ ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቹ ሁሉ ሠላሳ ቀን ናቸው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ፣ ዓመቱን በ365 አባዝቶ፣ የዓመቱን አንድ አራተኛ ቀሪውን ጥሎ ጨምሮ፣ ወሩን በ30 አባዝቶ፣ ቀኑን ደምሮ አንድ ቁጥር ማግኘት ይቻላል፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ጳጉሜንም ሠግርም ሳይዛባ ትክክለኛው የቀን ልዩነት ይወጣል። ይህን ያህል የማይደክም ሰው ቀኑን ፊደል አድርጎ ይጽፈዋል፣ “ጥቅ. 30”፣ ስሌቱንም ይተወዋል። ብዙው ሰው የመረጠው ይህን ነው።

ከ2001 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ቀጥሎ ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓት፣ ከ2003 ደግሞ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተከታትለው ወረዱ። ሪፖርት ወርኃዊ ነበር፣ ሳምንታዊ ሆነ፤ የመሥሪያ ቤት ነበር፣ የግለሰብም ሆነ። “ፎርማት ተቀይሯል፣ በአዲሱ ላኩ” የሚል ስልክ የዘመኑ ሙዚቃ ነበር ብል አላጋነንኩም። በመቶኛ የምትለው ስድስተኛዋ ዓምድ የሰው ደረጃ መወሰኛ ሆነች፤ ያኔ ነው ስህተቶቿ ዋጋ ማስከፈል የጀመሩት።

ስህተቶቹን ቀርቦ ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ የክፋት አይደሉም። ባለሙያው “45 ሄ/ር” ብሎ መለኪያውን ከቁጥሩ ጋር አንድ ሴል ውስጥ ከጻፈ ኤክሴል ጽሑፍ ነው ብሎ ከድምሩ ያስቀረዋል፤ አርባ አምስት ሄክታር ገጹ ላይ እየታየ ድምሩ ውስጥ የለም። አንዱ ቀበሌ “ሰሜን ቤንች”ን በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ከጻፈው ሁለት ወረዳ ሆኖ ይቆጠራል፤ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። ከእቅድ ውጭ ሥራ የሠራ ሰው ለዜሮ ሲያካፍል የስህተት ምልክት ይወጣበታል፤ ብዙ የሠራው ሠንጠረዡን “አበላሸ” ይባላል። እነዚያ 1974 ላይ የተመረጡ ቡናዎችም ይመጣሉ፦ በዓምድ ራስጌ የዝርያው ስም 74110 ተብሎ ከተጻፈና ከሥሩ በየቀበሌው የተከፋፈለው ችግኝ ከተደረደረ፣ በራሱ ደማሪውን ቁልፍ ሲጫኑት ራስጌውንም እንደ ብዛት ቆጥሮ ይጨምረዋል። ያልፈላ 74,110 ችግኝ ወደ ዞን ይላካል።

ከሁሉ የከፋው ግን መቶኛን በመቶኛ ማማከል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ቀበሌ 100,000 ችግኝ አቅዶ 50,000 ተከለ፣ ሃምሳ በመቶ። ሁለተኛው 1,000 አቅዶ 1,000፣ መቶ በመቶ። ሦስተኛው 500 አቅዶ 600፣ መቶ ሃያ በመቶ። ሦስቱን መቶኛ ደምሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው 90 በመቶ ያገኛል፣ ይመሰገናልም። ችግኙን የደመረ ግን ከ101,500 ውስጥ 51,600፣ ማለትም 50.8 በመቶ ያገኛል። ሁለቱም ስሌት ኤክሴል ላይ አንድ ቀመር ነው፣ ሁለቱም ስህተት አያሳዩም። ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው ይህ ነው፦ ድሮ ስሌቱን የሠራው ሰው ያውቀው ነበር፤ አሁን ፎርማቱን ከዞን የተቀበለው ባለሙያ ቁጥር ይሞላል እንጂ ከቀመሩ ጀርባ ምን እንዳለ ብዙ ጊዜ አያይም። እንዳይነካ በይለፍ ቃል ተቆልፎ የሚላክ ፎርማትም አለ።

የጤናው ዘርፍ ከዚህ ለመውጣት ሌላ መንገድ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መረብ በኩል በጥቂት ክልሎች የተሞከረው የወረዳ ጤና መረጃ ሶፍትዌር ራሱ በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የተሠራ ነበር፤ ትንታኔውም ኤክሴል ላይ ይወጣ ነበር። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ያሰፋፋው ተከታዩ፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ በኢንተርኔት የሚሠራና የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቅ ነው። ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ጳጉሜን ያላት ሶፍትዌር። ሆኖም ስብሰባ ሲጠራ ከሱም ላይ ቁጥሩ ይወርድና ኤክሴል ላይ ይሠራል፤ ካቢኔው የሚያውቀው ያንን ስድስት ዓምድ ነዋ።

ስልክ ሲመጣ የመላኪያው ነገር ቀለለ። መጀመሪያ በሸኚ ደብዳቤና በመዝገብ ቤት ነበር፣ ቀጥሎ በፍላሽና አብሮት በሚጓዘው ቫይረስ፣ ቀጥሎ በኢቪዲኦ ኢንተርኔት፣ አሁን በቴሌግራም። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ደብተሩ ላይ የጻፈውን ፎቶ አንስቶ ወደ ወረዳው ቡድን ይጥላል፤ የወረዳው ባለሙያ ከፎቶው አይቶ ሴል ውስጥ ይገለብጣል። ፍጥነቱ ድንቅ ነው። ግን በቴሌግራም “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ 2”፣ “ትክክለኛው የመጨረሻ” የሚባሉ ፋይሎች ሲከማቹ ፊርማና ማኅተም ያረፈበትን የወረቀት ቅጂ የሚናፍቅ ኦዲተር ቢኖር አልፈርድበትም።

መስከረም 20 ቀን 2014 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ኅዳር 14 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ቤንች ማጂ ለቤንች ሸኮና ለምዕራብ ኦሞ ተከፍሎ ነበር። የክልሉ መቀመጫዎች በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ሲከፋፈሉ የድሮው ችግር በአዲስ መልክ ተመለሰ፦ በቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ በሐዋሳ ያለው መረጃ ማን ጋር ነው፣ የመነሻው ዓመት ቁጥር ከየት ይምጣ። ያለፈውን የያዙት ብዙ ጊዜ ማዕከላዊ ቋቶች አልነበሩም፤ ከወረዳ ወረዳ የተዛወሩ ባለሙያዎች ላፕቶፕ ላይ የቀሩ የኤክሴል ፋይሎች ነበሩ። እዚህ ላይ ለኤክሴል ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። የተሠራለት ዓላማ ይህ ባይሆንም፣ ባለሙያው ሳይጠይቅ ዓምድ ሊጨምርበት፣ ወረዳው ሲከፈል ሊከፍለው፣ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፕ ባትሪ ሊሠራበት የቻለው ብቸኛው መሣሪያ ነው። ከላይ የተላኩት ሶፍትዌሮች አዲስ አበባን እየጠበቁ ይለወጣሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ሪፖርት መጥቷል፣ ከእቅድና ከክንውን የተለየ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። መጀመሪያ ለ2024 መጨረሻ የተቀጠረው ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ የዝግጅቱ ሥራ ግን ቀጥሏል። ለእያንዳንዱ ማሳ የምድር መገኛ ያስፈልጋል፦ ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ ዙሪያው፣ ለአነስተኛው አንድ ነጥብ፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱም ቢያንስ ስድስት የአስርዮሽ አሃዝ ይኑረው ይላል። በየኪና በሸኮ፣ ቡና ከዋንዛና ከብሳና ጥላ ሥር ባለበት፣ ከላይ የሚያይ ሳተላይት እርሻውን ከደኑ ለመለየት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ በባዮስፌርነት የመዘገበው የሸካ ደንም እዚያው አጠገብ ነው።

መረጃው በስልክ ይሰበሰባል፣ ኤክሴል ላይ ይጸዳል፣ ለላኪው በተራ የጽሑፍ ፋይል ይተላለፋል። ኤክሴል ደግሞ ወደዚህ ዓይነት ፋይል ሲያስቀምጥ የሚያስቀምጠው ሴሉ ላይ የሚታየውን እንጂ ከሥሩ ያለውን አይደለም። አንድ ሰው ዓምዱ እንዲያምር ብሎ አሃዙን ወደ ሁለት አስርዮሽ ካሳጠረው የቀሩት አራቱ ለዘለቄታው ይጠፋሉ። በምድር ወገብ አካባቢ ሁለተኛዋ አስርዮሽ አሃዝ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ትበልጣለች፤ ስለዚህ የገበሬው ማሳ በወረቀት ላይ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሊዘዋወር፣ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ወይም የተከለለው ደን መሃል ሊገባ ይችላል። ሕጉን ለማስፈጸም አውሮፓ የሚቀመጠው ተቆጣጣሪ የሚያየው ያንን ነጥብ ነው። በዚህ ወቅት ለየኪ ባለሙያ ከሚሰጡ ሥልጠናዎች ሁሉ አጭሩና ተፈላጊው ምናልባት ይህ ነው፦ ከማስቀመጥህ በፊት ዓምዱን ምረጥ፣ አስርዮሹን ወደ ስድስት መልስ፣ ከዚያ አስቀምጥ፤ ዋናውንም ፋይል አትሰርዝ።